አልጋ ቆጥሮ ማካፈል ምደባ አይደለም፦ ፈረቃ ለሚመሩ ነርሶች

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ዋርዶች ፈረቃ መምራት ለጀመሩ ነርሶች ነው። ለመሪነት የሚታጨው ብዙ ጊዜ እጁ የፈጠነ ሰው ነው። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) በአንድ ሙከራ ያስገባል፣ የመድኃኒት ሰዓት አያልፈውም፣ ራውንድ (የሐኪሞች ዙር) ላይ ሲጠየቅ መልስ አያጣም። መሪ በሆነ ማግስት ግን የሚጠበቅበት ሌላ ሥራ ነው። 22 ታካሚ ለሦስት ነርስ ይደለድላል፣ ለተማሪ፣ ለራነር (ለተላላኪው) እና ለአስታማሚ ሥራ ይሰጣል፣ ጠዋት ላይ ስለ ሁሉም ይጠየቃል። ይህን ቁጭ አድርጎ ያስተማረው ስለሌለ ሲደረግ ያየውን ይደግማል፦ «ከ1 እስከ 7 ያንቺ፣ ከ8 እስከ 14 ያንተ፣ የቀረው የኔ።»

በአልጋ ቁጥር መከፋፈል እኩል ይመስላል፤ አይደለም። ጠና ያለ ታካሚ ሆን ተብሎ ለነርሶች ጠረጴዛ ቅርብ በሆነው አልጋ፣ ኦክስጅን ባለበት በኩል ይተኛል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አልጋዎች የያዘችው ነርስ ኦክስጅን ላይ ያለውን፣ ራሱን የሳተውን፣ ደም የሚሰጠውን ሁሉ ተሸክማ ታድራለች። ጥግ ያሉትን የያዘው ደግሞ ከምሽቱ 4፡00 ላይ መድኃኒቱን ጨርሶ ይቀመጣል። ችግሩ ድካም ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። የሚያሰጉ ሁለት ታካሚዎች በአንድ ነርስ እጅ ሆነው በአንድ ሰዓት ቢደክሙ ግን ለአንዱ ብቻ ነው የምትደርሰው። የመደበው ሰው ዓይኑ መሆን ያለበት እዚህ ላይ ነው፦ ዛሬ ማታ ማን ሊደክም ይችላል? ቀድሞ የሚያይለትስ ማን ነው?

ለዚህ ታካሚውን ማየት ያስፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ በመዝገብ ብቻ የተደረገ ርክክብ ለምደባ አይበቃም። ወጪውና ገቢው መሪ አብረው በየአልጋው ይዙሩ፤ ለ22 ታካሚ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፣ ይወሰድለትም። ፊቱንና አተነፋፈሱን ማየት፣ ካኑላው የገባበትን ቦታ መንካት፣ ጉሉኮሱ ስንት እንደቀረ፣ የሽንት ከረጢቱ ስንት እንዳለው ማንበብ፣ የመጨረሻው ቫይታል ሳይን (ግፊት፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ትኩሳት) ስንት እንደነበርና በስንት ሰዓት እንደተወሰደ መጠየቅ ነው። ሰዓቱ ከቁጥሩ እኩል ዋጋ አለው፤ ከቀኑ 8፡00 የተለካ ግፊት ከምሽቱ 2፡00 ላይ ታሪክ ነው። «ደህና ነው» የሚል ርክክብ አትቀበሉ።

እግረ መንገዳችሁን የኦክስጅኑን ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አንብቡ። ሲሊንደሩ 40 ሊትር የሚይዘው ዓይነት ከሆነ፣ 100 ባር ሲያነብ ውስጡ 4,000 ሊትር ገደማ ኦክስጅን አለ። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ ይህ 800 ደቂቃ ነው፤ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ጌጁ 50 ላይ ከሆነ ግን ከምሽቱ 2፡00 ጀምሮ ቢቆጠር ከሌሊቱ 8፡40 ላይ ያልቃል፣ ያውም እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ከተሠራበት። መለዋወጫውን ማን መቼ እንደሚያመጣ ገና በምሽቱ የሚወሰነው በዚህ ስሌት ነው።

ከዙሩ በኋላ ለእያንዳንዱ ታካሚ ነጥብ ስጡ። ውስብስብ ቅጽ አያስፈልግም፤ ከ1 እስከ 4 ይበቃል። ራሱን ችሎ የሚነሳ፣ በአፍ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የሚወጣ 1 ነው። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ያለው፣ ኦክስጅን ላይ ሆኖ የተረጋጋ፣ ቁስሉ የሚታጠብለት 2። ከአልጋ የማይነሳ፣ በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ፣ በየ2 ሰዓቱ የሚገላበጥ፣ ወይም ከኦፕራሲዮን በቅርቡ የተመለሰ 3። በየሰዓቱ የሚታይ፣ ግፊቱ የሚዋዥቅ፣ ደም እየተሰጠው ያለ፣ ስኳሩ በየሰዓቱ የሚለካ 4።

በቁጥር እንየው። ከ22ቱ ታካሚዎች ዘጠኙ 1፣ ስምንቱ 2፣ አራቱ 3፣ አንዱ 4 ናቸው እንበል። ድምሩ 41 ነጥብ ነው፤ ለሦስት ሲካፈል ወደ 14 ይጠጋል። መሪዋ ባለ 4ቱን፣ አንድ ባለ 3፣ ሁለት ባለ 2 እና አንድ ባለ 1 ትያዝ፤ 5 ታካሚ፣ 12 ነጥብ። ልምድ ያለው ሁለተኛው ነርስ ሁለት ባለ 3፣ ሦስት ባለ 2፣ ሦስት ባለ 1 ይያዝ፤ 8 ታካሚ፣ 15 ነጥብ። ገና የተቀጠረችው አንድ ባለ 3፣ ሦስት ባለ 2፣ አምስት ባለ 1 ትያዝ፤ 9 ታካሚ፣ 14 ነጥብ። ብዙ ታካሚ ያላት አዲሷ ናት፤ በጣም የታመመው ግን እጇ ላይ የለም። መሪዋ 12 ላይ የቆመችው ሰንፋ አይደለም። የሐኪም ጥሪ፣ አዲስ ገቢ፣ የአስታማሚ ቅሬታና የደም ባንክ ጣጣ ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ሙሉ ጭነት የተሸከመ መሪ ሌሎችን ማየት አይችልም። የሰው እጥረቱ ጠንቶ እንደዚህ ምሳሌ ባለ 4 መያዝ ግድ ቢሆንባት እንኳ ቀሪዎቹን ታቅልል።

ነጥቡ መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ይስተካከላል። የአንድ ነርስ ታካሚዎች በተቻለ መጠን ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ይሁኑ፤ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የምትመላለስ ነርስ ጊዜዋ መንገድ ላይ ያልቃል። አክታው ላይ ቲቢ የተገኘበትን ታካሚ የያዘ ነርስ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ታካሚ አይደረብበት። ትናንት የያዘችውን ዛሬም ትያዝ፤ የትናንቱን ትንፋሽ የምታስታውስ ነርስ የዛሬውን ለውጥ ከቻርቱ በፊት ታያለች። ሴት ታካሚ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የሚገባላት ከሆነ፣ ሴት ነርስ እያለች ወንድ መመደብ ታካሚዋን ያሸማቅቃታል።

ቋንቋን ደግሞ እዚህ አካባቢ ማንም መርሳት የለበትም። ደሴ የምትቀበለው ከወገል ጤና፣ ከመካነ ሰላምና ከሐይቅ ብቻ አይደለም፤ ከከሚሴና ከባቲ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ከአፋር ደግሞ አፋርኛ ተናጋሪ ይመጣል። ኮምቦልቻም እንደዚሁ። ኦሮምኛ የሚችል ነርስ እያለ ታካሚውን በምልክት ለሚግባባ መስጠት ሕመሙን ሳይነግረን እንዲያድር መፍረድ ነው። ቋንቋውን የሚችል ነርስ ከሌለ ማን እንደሚያስተረጉም ስሙ ምደባው ላይ ይጻፍ፤ የጽዳት ሠራተኛም ብትሆን። ሕፃን ልጅ ግን ለእናቱ ሕመም አስተርጓሚ አይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይረሳል፦ ቀጣዩ ገቢ የማን ነው? ማታ ሪፈር (ከሌላ ጤና ተቋም የተላከ ታካሚ) የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ክርክር መጀመር አይገባም። ሰሌዳው ላይ ከስማቸው ጎን «1ኛ ገቢ»፣ «2ኛ ገቢ» ተብሎ ቀድሞ ይጻፍ። አምቡላንሱ ሲደርስ ባለተራዋ አልጋ እያዘጋጀች ትጠብቃለች።

አሁን ወደ ሥራ ማካፈል። ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ተጠያቂነቱ ግን ከሰጪው ነርስ አይወርድም። ስለዚህ የማይሰጠውን ለይቶ ማወቅ ይቀድማል። ታካሚ ሲገባ የሚደረገው የመጀመሪያ ምርመራ፣ የእንክብካቤ ዕቅዱ፣ «ተሻለው ወይስ ባሰበት» የሚለው ፍርድ፣ ሲወጣ የሚሰጠው ትምህርት የነርሷ ነው። ኢንሱሊን፣ ፖታስየም ክሎራይድ፣ ሄፓሪን፣ ማግኒዥየም ሰልፌት ለተማሪ ብቻውን አይሰጥም። ለግፊት መንቀጥቀጥ ማግኒዥየም የሚሰጣት እናት እያንዳንዱ ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ የጉልበቷ ሪፍሌክስ ያለ፣ ሽንቷ በ4 ሰዓት ቢያንስ 100 ሚሊ ሊትር መሆኑ ይታያል። ይህን ካላየ ሰው መርፌውን አትቀበሉ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ደግሞ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይሆን አጠገቧ ይቀመጥ።

የሚሰጠውን ስትሰጡ አምስት ነገር በልባችሁ ጠይቁ። ሥራው ራሱ ለሌላ የሚሰጥ ነው? ታካሚው በዚህ ሰዓት የተረጋጋ ነው? የሚቀበለው ሰው ሠርቶት ያውቃል? ምን፣ መቼ፣ ምን ሲያይ እንደሚጠራችሁ ነግራችሁታል? ተመልሶ የሚያየውስ ማን ነው? አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው አራተኛው ላይ ነው። «ቫይታል ሳይን ውሰጂ» ትእዛዝ ይመስላል እንጂ ሥራ አይደለም። ሥራ የሚሆነው እንዲህ ሲባል ነው፦

«የ3፣ የ5 እና የ9 ቁጥርን ቫይታል ሳይን ከ4፡00 በፊት ውሰጂልኝ። ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። የላይኛው ግፊት ከ90 በታች፣ ትንፋሽ ከ25 በላይ፣ ልብ ምት ከ130 በላይ ካገኘሽ ቻርት ላይ ሳትጽፊ መጀመሪያ እኔን ጥሪኝ። 5 ቁጥርን ደግሞ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ፊቱ ካላማረሽ ንገሪኝ። እስቲ አሁን ምን እንደምትሠሪ አንቺ ንገሪኝ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋጋ አላት። ተማሪዋ መልሳ ስትናገር «ከ90 በላይ» ካለች ስህተቱ እዚያው ይታረማል። ካላስደገማችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ታገኙታላችሁ። የትንፋሽ ቆጠራ ያልተሠራ ሥራ የሚታወቅበት ቦታ ነው፤ ቻርቱ ላይ ለሁሉም ታካሚ 20 ተብሎ ከተጻፈ ማንም አልቆጠረም። ሁለቱን ራሳችሁ ቁጠሩ፣ ልዩነቱን ለተማሪዋ አሳዩአት፤ ከዚያ ወዲያ ትቆጥራለች። የደም ኦክስጅን መጠን ሲነበብም የከተማውን ከፍታ አስቡ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ደሴ ላይ የጤነኛ ሰው ንባብም ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለጥሪ የምትሰጡትን ገደብ ከሐኪሙ ጋር ለየታካሚው ወስኑ።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚመጡ ተማሪዎች በምደባ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። «ዛሬ አምስት ነን» ተብሎ ሁለቱ ተማሪ ከሆኑ ሦስት ናችሁ። ታካሚ የሚመደበው ለነርስ ነው፤ ተማሪው ከነርሷ ጋር ይመደባል።

ደም መስጠት አንድ ሥራ እንዴት ተቆርጦ እንደሚካፈል ጥሩ ምሳሌ ነው። ከደም ባንክ የሚያመጣው ራነር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የታካሚው ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥሩና የደም ዓይነቱ በወረቀት ተጽፎ ይያዝ፣ በቃል አይላክ። ከመላኩ በፊት ካኑላው መሥራቱ ይታይ፣ ቫይታል ሳይኑ ይለካ። ከረጢቱ ከማቀዝቀዣ በወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ መጀመር፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ካኑላ ፍለጋ ጠረጴዛ ላይ 40 ደቂቃ የተቀመጠ ደም የዕቅድ ጉድለት ነው። አልጋው አጠገብ ሁለት ነርሶች ስሙን ታካሚውን ራሱን ጠይቀው ከከረጢቱ ጋር ያመሳክራሉ። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ነርሷ ከአልጋው አትነሳም፤ ይህ ለማንም አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ያለውን የሰዓት ክትትል የሠለጠነ ተማሪ ሊወስድ ይችላል። ብርድ ብርድ ካለው፣ ካሳከከው፣ ወገቡን ከያዘው ወይም ትኩሳት ካገኘ ደሙን ዘግቶ መጥራት እንጂ ቀንሶ መጠበቅ እንደሌለበት አስቀድሞ ይነገረው።

የአስታማሚ ነገር በኛ ሀገር ከሁሉም ይሰፋል። መገላበጡን፣ ማጠቡን፣ መመገቡን የሚሠራው ቤተሰብ ነው፤ ይህም ውክልና ነው፣ ውክልና ከሆነ ደግሞ መመሪያና ክትትል ይፈልጋል። «አብሽሩ» የሚለው የወሎ ቃል ልብ ያሳርፋል፤ ከእሱ ቀጥሎ ግን ምን እንደሚሠሩ መነገር አለበት። ከአልጋ የማይነሳ አባት ያላትን ልጅ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እታለም፣ አባባን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪልን። አሁን በቀኝ ናቸው፣ 4፡00 ሲሆን በግራ፣ 6፡00 ላይ በጀርባ። ወገባቸው ወይም ተረከዛቸው ላይ የቀላ ነገር ካየሽ አትሺው፣ ጥሪኝ።» ከዚያ አንዴ አብራችሁ አገላብጡ። ስታሳዩ ጨርቁን እየጎተቱ ሳይሆን አንስተው እንዲያዞሩ አሳዩ፤ ቆዳ የሚላጠው በመጎተት ነው።

ሽንት መለካትም ለአስታማሚ ሊሰጥ ይችላል። ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ላይ በየ100 ሚሊ ሊትሩ በፓርከር አስምሩበት፤ ሽንቱን እዚያ ገልብጣ መስመሩን ትነግራችኋለች። በጎኑ «ለሽንት» ብሎ መጻፍም ግድ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ይጠበቅበታል፤ በ6 ሰዓት 180። ሁለተኛዋ መስመር ላይ ካልደረሰ ትንገረን ማለት ለማንም ይገባዋል።

በአፍንጫ ቱቦ መመገብ ላይ ግን ድንበሩን አጥብቁ። ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑን ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት የምታረጋግጠው ነርሷ ናት። አልጋው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል፣ ከምግቡም በኋላ ወዲያው አይተኛ። አስታማሚ ብቻውን በተኛ ሰው ቱቦ ሾርባ ሲያፈስስ ነው ሳንባ ውስጥ የሚገባው። ጉሉኮስና ኦክስጅን ደግሞ ፈጽሞ እንዳይነኩ ምክንያቱን ጨምራችሁ ንገሩ። ቤተሰብ ጉሉኮሱ የዘገየ ሲመስለው መንኮራኩሩን ይከፍታል፤ ታማሚው ያቃሰተ ሲመስለው ኦክስጅኑን ይጨምራል። ሁለቱም ከፍቅር ነው። 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ከታዘዘ፣ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሆነ የጉሉኮስ ቱቦ (ሴት) በደቂቃ 42 ጠብታ ነው። ልቡ ለደከመ ሰው ይኸው ሊትር በአንድ ሰዓት ከገባ ሳንባው በውኃ ይሞላል። «ቢዘገይም ሆን ብለን ነው» ሲባሉ ይተዋሉ።

ከእናንተ በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡ ነርሶችን መምራት የብዙ ወጣት መሪዎች ጭንቀት ነው። ዲግሪ ያለው ገና የሁለት ዓመት ነርስ ሃያ ዓመት የሠሩ ሲስተርን ሲመድብ ወይ ፈርቶ ቀላሉን ይሰጣቸዋል፣ ወይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሁለቱም አይሆንም። «ሲስተር፣ 5 ቁጥር ያሰጋኛል፤ እርስዎ ቢይዙልኝ ዓይንዎን አምናለሁ» ማለት እውነት ነው፣ አክብሮትም ነው፣ ምደባም ነው። ምክንያቱ የተነገረ ምደባ ያነሰ ያነታርካል። «ይህን ሠርቼ አላውቅም» የሚልን ሰው ደግሞ በሌሎች ፊት አታሸማቅቁ፤ አንዴ ካፈረ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያውቅ ይሠራዋል። አመስግናችሁ አብራችሁ ሥሩ።

ልብ ቢቆም ማን ምን እንደሚያደርግ በምደባው ላይ ይጻፍ። አንዷ ደረት ትጫናለች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ በየ2 ደቂቃው ትቀየራለች። ሁለተኛው አምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቅ የትንፋሽ መስጫ) ይይዛል፤ 30 ጭነት፣ 2 ትንፋሽ። ሦስተኛዋ አድሬናሊን 1 ሚሊ ግራም በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ትሰጣለች፣ ሰዓቱንም ትጽፋለች። ሐኪሙን የሚጠራው ራነሩ ነው። መብራት ሲጠፋም እንደዚሁ፦ ኮንሰንትሬተር (በመብራት የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን) ላይ ያለውን ታካሚ ወደ ሲሊንደር የሚያዞረው ማን እንደሆነ ስሙ ይታወቅ፣ ቁልፉ የት እንዳለም ሁለት ሰው ይወቅ። ጨለማ ውስጥ «አንተ ሂድ፣ አንቺ ሂጂ» ሲባባሉ የሚያልፈው ደቂቃ የታካሚው ነው።

ረመዳን ላይ ማፍጠሪያው ከምሽቱ ርክክብ አካባቢ ይውላል። ጾመኛ ነርሶች በየተራ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይሰጣቸው፣ ታካሚያቸውን ማን እንደሚይዝ በስም ተጽፎ። በፋሲካና በገና ዋዜማ ደግሞ ሙስሊም ባልደረቦች መልሰው ይይዛሉ፤ ደሴ ላይ ይህ ሳይጠየቅ የሚደረግ ነገር ነው፣ በቃል ብቻ ሲቀር ግን ታካሚው መሃል ላይ ይቀራል። ስኳር ያለበት ታካሚ እየጾመ መሆኑንም በምሽቱ ዙር ጠይቁ፤ ሳይበላ ኢንሱሊን እንዳይወጋ።

ከሌሊቱ 6፡00 ላይ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ተገናኙ። ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ማን ያሰጋሻል? ምን ቀረሽ? ምን ላንሳልሽ? 14 የነበረው ነጥብ አንድ ገቢና አንድ የደከመ ታካሚ ተጨምሮበት 20 ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ምደባው ይቀየራል፣ ሰሌዳውም ይታረማል። ታካሚው ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር አልጋው ላይ ርክክብ ይደረግ፤ በኮሪደር «7 ቁጥርን ያዝልኝ» ተብሎ የተላለፈ ታካሚ የ6 ሰዓት አንቲባዮቲኩን ሁለቴ ይወስዳል ወይም ጨርሶ አይወስድም።

ለሐኪም ስትደውሉም በቅደም ተከተል ተናገሩ፦ ማን እንደሆነና አሁን የሆነው፣ ለምን እንደተኛ፣ የለካችሁት ቁጥር፣ የምትፈልጉት። «ዶክተር፣ 5 ቁጥር ደክሟል» ካላችሁ «እመጣለሁ» ይባላል። «ግፊቱ ከ110 ወደ 84 ወርዷል፣ ሽንቱ በ4 ሰዓት 60 ነው፣ አሁን መጥተው ቢያዩልኝ» ካላችሁ ይመጣል። የደወላችሁበትን ሰዓትና የተሰጣችሁን መልስ ቻርቱ ላይ አስፍሩ።

ጠዋት ላይ ስታስረክቡ የተሠራውን ብቻ አታንብቡ። በምደባው ወረቀት ግርጌ «ያልተሠራ» የሚል መስመር ይኑር፦ ያልመጣ የላብራቶሪ ውጤት፣ ያልተገኘ መድኃኒት፣ ያልተቀየረ ካኑላ፣ ለምን እንደቀረና ማን እንደሚቀጥለው በስም። ያን መስመር ያነበበው ገቢ መሪ መጀመሪያ የሚዞረው ወደ የትኛው አልጋ እንደሆነ ያውቃል።